ምንባቡ ያላለው

ኡሙሃኒ አሊ ቆቦ ከተማ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ነበረች። እጇ ቀላል ነው፤ «አብሽር፣ አለቀ እኮ» ስትል መርፌው በእርግጥም አልቋል። የሚያለቅስ ሕፃን ከመጣ የላስቲክ ጓንት ትነፋና የላም ግት አድርጋ ታሳየዋለች። ልጁ ግቱን ሲያልብ እሷ ሥራዋን ትጨርሳለች።

አንድ ነገር ብቻ አይሆንላትም ነበር። «አላውቅም» ማለት። በዚህ በኩል የአገሯ ልጅ ናት። ቆቦ ላይ አንድ መንገደኛ ቆሞ ቢጠይቅ እንዲሁ የሚያሰናብተው የለም። መንገዱን የማያውቀው ሰው እንኳ መንገደኛው እንዳያፍር እጁን ዘርግቶ አንድ አቅጣጫ ያሳየዋል። ኡሙሃኒም «ይድናል ወይ?» ስትባል «ኢንሻአላህ ይድናል» ትላለች፤ «ነገ ይዘንባል?» ስትባልም ሰማዩን አየት አድርጋ «ይዘንባል» ትላለች። በቆቦ ሙቀት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይዘንብም።

ይህ ጠባዬ የሕይወቴን ምኞት ያበላሽብኛል ብላ አስባ አታውቅም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሐኪም መሆን ትፈልግ ነበር። በዚያን ሰሞን ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች በፈተና ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ ትምህርት መጀመሩን ሰማችና ተመዘገበች። ባዮሎጂውንም ኬሚስትሪውንም ዘረገፈችው። የጣላት ቨርባል የሚሉት ክፍል ነው። አጭር ምንባብ ይሰጡሻል፤ ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ከምንባቡ ተነሥተሽ እውነት፣ ሐሰት ወይም «አይታወቅም» ትያለሽ። ኡሙሃኒ በዚያ ሁሉ ጥያቄ ውስጥ አንድም ቦታ «አይታወቅም» አላለችም። ዘንድሮ ለሁለተኛ ጊዜ ልትፈተን ነው። ካልተሳካልኝ ነገሩን እርግፍ አድርጌ እተወዋለሁ ብላ ለእናቷ ነግራቸዋለች፤ ከዚያ ወዲህ እናትዮዋ እንቅልፍ የላቸውም።

እናቷ ወይዘሮ ዓሊማ ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ካለችው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የበሰበሰውን ከደህናው ይለያሉ። ኡሙሃኒም የልምምድ መጽሐፏን ይዛ ከአጠገባቸው ትቀመጥና እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰች ጮክ ብላ ታነባለች። እንዲህ ሲሆን ለራሷም ይገባታል።

«በአንድ መንደር ሦስት የውኃ ጉድጓዶች ነበሩ» አለች አንድ ቀን። «በድርቅ ጊዜ ሁለቱ ደረቁ። የመንደሩ ሰዎች አሁን ከሦስተኛው ይቀዳሉ። ጥያቄው፣ የሦስተኛው ጉድጓድ ውኃ ንጹሕ ነው ይላል።»

«መንደሩ የት ነው?» አሉ ዓሊማ።

«አልተጻፈም እማ።»

«ዋጃ ማዶ መሆን አለበት። ጉድጓድ ያለ ነገር የሚደርቀው እዚያ ነው።»

«ፈረንጅ እኮ ነው የጻፈው።»

«ፈረንጅስ ዋጃ አይመጣም? ያን ጊዜ ጉድጓድ ሊቆፍሩ የመጡት ምን ነበሩ ታዲያ?»

ኡሙሃኒ ልትስቅ አለችና ነርስነቷ ቀደማት። መንደሩ ሁሉ በአንድ ጉድጓድ፣ ከብቱም ከዚያው፣ ሳይፈላ! «ሐሰት» ብላ አከበበች። ከመጽሐፉ ጀርባ መልሱን ብታይ «አይታወቅም» ይላል።

«እንዴት አይታወቅም!» አለች መጽሐፉን በጭኗ ላይ መታ አድርጋ። «ከብቱ እዚያው እየጠጣ!»

«ከብት አላልሽም እኮ» አሉ ዓሊማ።

«ከብት የሌለው መንደር የት አለ?»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉና እናትም ልጅም በመጽሐፉ ላይ ተቆጡ።

በዚህ መሐል ጎረቤታቸው ታሂር ባጃጁን ሊያጥብ ውኃ ፍለጋ ገባ። ታሂር ረጅም፣ አንገቱ የሰጎን፣ ሁልጊዜ የሚዘፍን ወጣት ነው። ኡሙሃኒ ስለ ሹፌር የሚያወራ ምንባብ አገኘችና አነበበችለት። ሹፌሩ ጠዋት ከአንድ ከተማ ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ ሌላ ከተማ ደረሰ፤ መንገድ ላይ ቆሟል ወይ?

«ቆሟል!» አለ ታሂር። «ምሳ አይበላም?»

«ምንባቡ ውስጥ ምሳ የለም።»

«ሳይበላ ነው የነዳው? ወላሂ የመኪናው ባለቤት ጨካኝ ነው!»

«እኔ ቤት ቢያልፍ ኖሮ እንጀራ አይጠፋም ነበር» አሉ ዓሊማ ከልባቸው አዝነው። መልሱ «አይታወቅም» መሆኑን ሲሰማ ታሂር ለሹፌሩ ሲል ባልዲውን አስቀምጦ ጭንቅላቱን ያዘ።

ነገሩ ሲብስባቸው የሰፈሩን አስታራቂ ሽማግሌ አያ ይሁኔን ጠሩ። አያ ይሁኔ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያላስማሙት የወሰን ጠበኛ የለም። ከዛፉ ሥር ተቀመጡ፤ ከዘራቸውን አጋደሙ፤ የጉድጓዱን ነገር ከመጀመሪያው አስነበቡ።

«እውነት የሚለው ወገን ማን ነው?»

ዓሊማ እጃቸውን አወጡ፤ ያ ወገን ሰው እንዳይጎድለው ብለው ነው።

«ሐሰት የምትለውስ?»

ኡሙሃኒ እጇን አወጣች። አያ ይሁኔ አገጫቸውን አሻሹና አሰቡ።

«በሉ እንግዲህ አንቺም ትንሽ ተዪ፣ አንቺም ትንሽ ተዪ። ውኃው ግማሹ ንጹሕ ይሁን።»

«አያ ይሁኔ፣ ግማሽ ንጹሕ የሚል ምርጫ የለም እኮ።»

«የለም?» አሉ ሽማግሌው ደንግጠው። «እንግዲያው ይህን ፈተና ያወጣው ሰው እርቅ አይወድም። ልጄ፣ ከእንዲህ ያለ ሰው ራቂ።»

ኡሙሃኒ ያን ዕለት ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ፈተናው ደርሷል፤ እሷ ግን አሁንም በየምንባቡ ውስጥ ከብት ትነዳለች።

በሳምንቱ ነው አንድ ጥላ የያዙ፣ ጢማቸውን በሒና ያቀሉ ሰው በሩ ላይ ቆመው ሰላምታ ያቀረቡት። ኑሀ ይባላሉ፤ ከሮቢት ነው የመጡት። ታሂር ለልጃቸው ለራዊያ ሽማግሌ ልኮ ነበርና ስለ ታሂር ጠባይ ጎረቤቶቹን ሊጠይቁ መምጣታቸው ነው። ወጉ እንዲህ ነው። ልጅ የሚድር አባት ከጎረቤት ሳያጣራ እሺ አይልም። የሚጠየቅ ጎረቤትም ይጠነቀቃል። አብዝቶ ቢያመሰግን ነገ ልጅቱ ስታለቅስ የእሱ ስም ይነሣል፤ ቢያማ ደግሞ የሰው ትዳር ያፈርሳል። ስለዚህ ያየውን ብቻ ይናገራል።

ኡሙሃኒ ጓዳ ሆና መጽሐፏ ላይ አቀርቅራ ነበር። ድምፃቸው ይሰማታል።

«ታሂር የሚባለው ባለባጃጅ ጎረቤትሽ ነው አሉኝ» አሉ ኑሀ።

«አዎ፣ ጎረቤቴ ነው።»

«ጠባዩ እንዴት ነው?»

«ሽንኩርት ሲከብደኝ ያደርስልኛል።»

«ለሰው ሁሉ እንዲህ ነው?»

«እኔ ለእኔ ያደረገውን ነው የነገርኩዎት።»

«ቁጡ ነው?»

«እኔ ፊት ሲቆጣ አላየሁም።»

«ሌላ ሰው ፊትስ?»

«እዚያ አልነበርኩም።»

«መስጊድ ይሄዳል?»

«ጁምዓ ጁምዓ ወደ መስጊድ በሚወስደው መንገድ ሲሄድ አያለሁ።»

«ይገባል ማለት ነው?»

«መንገዱን ነው ያየሁት።»

ኑሀ ጥላቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ባጃጁንስ ገልብጦ ያውቃል?»

ኡሙሃኒ ነጠላዋን ነከሰች። ታሂር በክረምት እየዘፈነ ከነባጃጁ የመስኖ ቦይ ውስጥ ተገልብጦ ሰፈሩ በሙሉ በገመድ ጎትቶ ነው ያወጣው። ከጎተቱት አንዷ ዓሊማ ናቸው።

«ሲገለበጥ አላየሁም» አሉ ዓሊማ፤ አንድ የበሰበሰ ሽንኩርት አንሥተው ወደ ጎን ጣሉ።

ሰውየው አመስግነው ሲወጡ ኡሙሃኒ ከጓዳ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች።

«እማ! ይኸው እኮ ነው ቨርባል!»

«ምኑ?»

«ሲገለበጥ አላየሁም ያልሽው!»

«አላየሁማ። እኔ ስደርስ ተገልብጦ ነበር።»

ኡሙሃኒ ግንባራቸውን ሳመቻቸው። እናቷ ግን ሚስጥሩ አልገባቸውም፤ ያንኑ ጉድጓድ እንደገና ስታነብላቸው «ዋጃ ነው አልኩሽ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኡሙሃኒ እያንዳንዱን ምንባብ ስታነብ የሮቢቱ ሰው ጥላቸውን ይዘው ከፊቷ ይቆማሉ። ሹፌሩ ቆሟል? ሲነሣና ሲደርስ ነው ያየሁት። ውኃው ንጹሕ ነው? ሲቀዱ ነው ያየሁት። ይህ አዲስ ልማድ ጤና ጣቢያ ድረስ ተከተላት። አንዲት ታማሚ «ሐኪሙ ገብቷል?» ብትላት «ጋውኑ ወንበሩ ላይ አለ» አለቻት።

«እሱስ?»

«እኔ ጋውኑን ነው ያየሁት።»

«አውፍ በይኝ እታለም፣ ጋውኑ ይመረምረኛል?» አለች ሴትዮዋ።

ደሴ ለፈተና ስትሄድ እስከ መናኸሪያ ያደረሳት ታሂር ነው። «ያ ሹፌር ከመጣ ምሳ በልቷል በይልኝ» ብሎ አደራ አላት። ሹፌሩ አልመጣም፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ መጣ። ጀልባው ጠፍቶበታል፤ ጥያቄውም ጎረቤቱ ሰርቆታል ይላል። ኡሙሃኒ ጎረቤቱን ጠርጥራው ነበር፤ ዓይኑ አላማራትም። ዓይኑ እንዳልተጻፈ ትዝ ሲላት ግን ደንገጥ አለችና «አይታወቅም» የሚለውን አጠቆረች።

ውጤቱ በስልክ የደረሳት በገበያ ቀን ነው። አልፋለች። ለእናቷ ደወለችና እሷም ከሥራ ወጥታ ወደ ገበያው ከነፈች። ስትደርስ ግን ወሬው ቀድሟታል። የሽንኩርት ተራው ሴቶች እልል እያሉ ነው፤ አንዲቱ ቀሚሷን ሰብስባ የሚያማትን ጉልበቷን አወጣችላት።

«ልጄ የልብ ሐኪም ሆነች!» ይላሉ ዓሊማ። «ልብ አውጥታ፣ አጥባ፣ መልሳ የምታስገባ!»

«እማ» አለች ኡሙሃኒ በጆሯቸው፣ «ያለፍኩት የመግቢያውን ፈተና ነው። ገና ብዙ ዓመት እማራለሁ። ልብ የሚል ነገር ማንም አላለም።»

«ወግጂልኝ፣ ምንባብሽን ለራስሽ ያዢ!»

ከሽንኩርቱ ወዲያ ማዶ ኑሀ ቆመዋል። ልጃቸውን ሊድሩ ነውና ለሠርጉ ሽንኩርት ሊገዙ መጥተዋል። ዓሊማን ከላይ እስከ ታች ተመለከቷቸው።

«ይህ ምላስሽ ስለ ታሂር ስጠይቅሽ የት ሄዶ ነበር?»

ይህን ሲሉ ከወደ አስፋልቱ ዳር ጓ የሚል ድምፅ መጣ። ሰው «ኧረ! ኧረ!» እያለ ሮጠ። ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ውስጥ አንድ ዘፈን ሳይቋረጥ ይሰማል። ከዘፈኑ በላይ የባጃጅ ጎማዎች ወደ ሰማይ ይሽከረከራሉ፤ ከጎኑ አንድ ረጅም አንገት ደህንነቱን ሊያሳይ ብቅ አለ።

ኑሀ አጭር ናቸው፤ የቆመው ሰው ከለላቸው። «ምንድን ነው እሱ? ማን ነው የተገለበጠው?»

ዓሊማ ጀርባቸውን ሰጥተው ሽንኩርት መመዘን ያዙ። «አላየሁም።»

ኑሀ ወደ ኡሙሃኒ ዞሩ። «አንቺስ ዶክተር? ቁመትሽ ይደርሳል፤ ማን ነው?»

ኡሙሃኒ ዓይኗን ከጎማዎቹ ላይ አነሣችና ሚዛኑን ማየት ጀመረች።

«ከዚህ ሆነው ሲያዩት» አለች፣ «አይታወቅም።»