ሥጋ ያልነካው ድስት

ባለፈው ዓመት በገና ጾም የሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራ ስሄድ በሐይቁ ዳር ያለውን አቋራጭ ትቼ በአስፋልቱ እዞራለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ይጨምርብኛል። ሰው ለምን ብሎ ሲጠይቀኝ ጭቃው ነው እላለሁ። ጭቃ በሌለበት በበጋም ያንኑ እላለሁ።

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ ግጥምም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ሰው ሊያስባዛ የሚያመጣውን መጽሐፍ፣ ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ እያነበብሁ ነው የለመድሁት። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ በየወሩ አዲስ ሐሳብ ይመጣብኛል። የዚያ ወር ሐሳቤ የዓሣ ጉዞ ነበር።

ከየአገሩ መጥተው በየመሥሪያ ቤቱ የሚሠሩ ሰዎች ጣና ዳር እየኖሩ ዓሣ ሲባል የሚያውቁት ጥብሱን ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ ይዣቸው ልዙር አልሁ። ጠዋት መረብ ሲራገፍ ያያሉ፤ ረፋድ ላይ የዓሣ ለብለብ ይቀምሳሉ፤ ምሳ ዓሣ አጥማጅ ቤት ገብተው የዓሣ ወጥ ይበላሉ፤ ከሰዓት በኋላ በጀልባ ወጥተው ጉማሬ ያያሉ።

ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይ ለቀቅሁት። ከላዩ «ዓሣ አይታረድም» ብየ ጻፍሁ። በዚህች አባባል ኮርቼ ነበር። ሥጋ ከሆነ በስመ አብ ተብሎ የታረደው ለአንዱ ነው፤ ቢስሚላህ ተብሎ የታረደው ለሌላው። ዓሣ ግን ከውኃው ወጥቶ ራሱ ይሞታል፤ ስለዚህ የሁሉም ነው። ይህን ነገር ያገኘሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

አሥር ሰዎች ተመዘገቡ። ሁሉም የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ናቸው፤ አስተባባሪያቸው ወይዘሮ ስንዱ የሚባሉ ደግና ጨዋታ አዋቂ ሴት ነበሩ።

ምሳውን እንዲሠሩልኝ የለመንሁት እትዬ ዘሃራን ነው። ባለቤታቸው ጋሽ ሰይድ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ እትዬ ዘሃራ ደግሞ በሐይቁ ዳር አቋራጭ ላይ ባለው በራቸው ተቀምጠው ጥሬ ዓሣ ይሸጣሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴ ዓሣ ግዛ ብላ ስትልከኝ ቤታቸውን ለመድሁ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጬ ስንት ግጥም ጽፌያለሁ። ስንት ቀን ከወጣቸው በልቻለሁ። እንደሳቸው ዓሣ የሚሠራ እስካሁን አላየሁም።

ስነግራቸው የሚልጡትን ዓሣ አስቀምጠው አዩኝ።

«አሥር ሰው? እኔ ቤት?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሃያ ዓመት እዚህ በር ላይ ተቀምጫለሁ። ጥሬውን የማይገዛኝ የለም። ከናንተ ወገን ወጤን የቀመሰ ግን አንተ ብቻ ነህ። አንተም ሆዳም ስለሆንህ ነው።»

ከሁለት ቀን በኋላ ስመለስ ከላስቲኩ ያልወጣ አዲስ ድስት አሳዩኝ። ቢላዋውም አዲስ፣ መክተፊያውም አዲስ ነበር።

«ሥጋ አይቶ አያውቅም በላቸው። ሽንኩርት እንኳ ገና አልነካውም።»

«እትዬ፣ ይህን ደግሞ ማን ይጠይቃል?»

«ሰይድንም አምባዛ እንዳያመጣ ነግሬዋለሁ። ቆሮሶ ብቻ። የናንተ ሰዎች ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበሉም።»

«እኔ እበላለሁ።»

«አንተማ ምን የማትበላው አለ!» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ሕጌን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ጠንቅቀው ማወቃቸው ያን ቀን አልከነከነኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም አምሮልኝ ነበር። ጋሽ ሰይድ መረባቸውን ሲያራግፉ እንግዶቹ ከበቧቸው። ወይዘሮ ስንዱ አንድ ትልቅ ቆሮሶ በሁለት እጃቸው ይዘው ከጎናቸው ፎቶ ተነሡ።

«አባባ፣ ሳቅ ይበሉ እንጂ!»

«ጥርሴን ካያችሁማ ምሳ አይበላላችሁም» አሉ ጋሽ ሰይድ። ሁሉም ሳቀ። ስማቸውን የጠየቀ ግን አልነበረም።

ለብለቡን በዳጣ በልተን ወደ ሰፈሩ ስንታጠፍ ወይዘሮ ስንዱ ጠጋ አሉኝ።

«ምሳው ማን ቤት ነው?»

«ጠዋት አብረዋቸው ፎቶ የተነሡት ጋሽ ሰይድ ቤት ነው። የሚሠሩት ባለቤታቸው ናቸው፣ እትዬ ዘሃራ።»

ቆሙ። ከኋላ የነበሩትም ደርሰው ቆሙ።

«አይ አንተ ልጅ! አስቀድመህ አትነግረንም?»

«ዓሣ እኮ ነው። ዓሣ አይታረድም።»

«ዓሣውስ አይታረድም። ድስቱስ?»

በቁጣ አልተናገሩኝም። እንደ እናት ነው የተናገሩኝ። «ሰውን ንቀን አይደለም፤ በጾም ምድር የሥጋ ድስት እንዴት ይሆናል?» አሉ። ከመካከላቸው አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት ደግሞ «አንተ ራስህ እዚያ ቤት ትበላለህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አሥሩም አዩኝ። መልሱ አፌ ውስጥ ነበር። ድስቱ አዲስ ነው፤ ሥጋ አይቶ አያውቅም። እትዬ ዘሃራ ቃሉን ሳይቀር አስጠንተውኛል። ግን እነዚህ ሰዎች የሌላ መሥሪያ ቤት ሰው ሊያመጡልኝ ቃል ገብተዋል። እኔም ከፎቶ ኮፒው ልገላገል ነው። ደግሞም አሁን የተጠየቀው ስለ ድስቱ አልነበረም፤ ስለ እኔ ነበር።

«ኧረ እኔ ዓሣ ልገዛ ነው የምሄደው» አልሁ።

ከዚያ ራቅ ብየ ደወልሁ።

«እትዬ፣ አንዷ እንግዳ ታመመችብን። ሐኪም ቤት ልንወስዳት ነው።»

«ውይ! አላህ ያሽራት። ወጡን ላቆየው?»

«አይ፣ ይቅር።»

«ድስቱን ነገርሃቸው?»

«እትዬ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ብየ ዘጋሁት።

ምሳ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሆቴል ገባን። የዓሣ ጉላሽ ቀረበ፤ ሁሉም አደነቀ። ገና እየበላን ሳለን ጋሽ ሰይድ ጆንያ ተሸክመው በጓሮው በር ገቡ። ለእኛ ብለው አቆይተውት ከወጡ የተረፈውን ዓሣ ለሆቴሉ ሊያስረክቡ መምጣታቸው ነበር።

አዩን። ጆንያውን ለወጥ ቤቱ ሰጥተው ወደ ጠረጴዛችን መጡ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላም አሉን።

«የታመመችው ልጅ እንዴት ሆነች?»

«ማን ታመመ?» አሉ ወይዘሮ ስንዱ።

ጋሽ ሰይድ እኔን አዩኝ። እኔ ሳህኔን አየሁ።

«ድናለቻ! አልሐምዱሊላህ። ዘሃራ ዱዓ ስታደርግላት ነበር፤ ድናለች እላታለሁ» አሉና ባዶ ጆንያቸውን ተቀብለው፣ አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ወጡ።

«እኚህ ሰውየ የጠዋቱ አይደሉም እንዴ?» አለ ባለመነጽሩ። አስተናጋጇ ሎሚ ጨመረችልን።

እሑድ ጠዋት ለይቅርታ ሄድሁ። ሌሊቱን ብዙ ቃል አሰናድቼ ነበር። እትዬ ዘሃራ እንደ ወትሮው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ገና አፌን ሳልከፍት ቀና ብለው አዩኝ።

«ዓሣ ልትገዛ ነው?» አሉኝ።

ለእንግዶቹ ያልሁትን የነገራቸው የለም። ከራሳቸው ነው ያመጡት። ዓይኔን ከፊታቸው አሸሸሁ።

ከጀርባቸው፣ ምድጃው ላይ አዲሱ ድስት ተጥዷል። የሚሸተው ዓሣ አይደለም፤ የበግ ሥጋ ነው። ወዴት እንደማይ አይተው እሳቸውም ዞር አሉ።

«እስከ መቼ ሥጋ ሳላስነካ ላስቀምጠው? ድስት የሚገዛው ሊሠራበት ነው» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። ሁለት ቆሮሶ አጽድተው በፌስታል ሰጡኝ። ያሰናዳሁትን ሳልናገር ተቀብየ ሄድሁ።

ወይዘሮ ስንዱ «ቀጣዩ ጉዞ መቼ ነው?» እያሉ ሁለት ጊዜ ጽፈውልኛል። አልመለስሁላቸውም። በሳቸው ልናደድ ሞክሬ አልሆነልኝም። እሳቸው የሚያምኑበትን ነገር ጠየቁኝ፤ ጥያቄው መልስ ነበረው፤ መልሱም እኔ ዘንድ ነበር። ብነግራቸውም ላይበሉ ይችሉ ነበር። ቢበሉም ባይበሉም ግን የሚወስኑት ቤቱ ገብተው፣ ድስቱን አይተው፣ እትዬ ዘሃራ ፊት ቆመው ይሆን ነበር። ያንን ነው የነፈግኋቸው።

ግጥም ልጽፍበት ስንት ጊዜ ሞከርሁ። በጻፍሁት ቁጥር እኔ ለሰው የማዝን ጥሩ ልጅ ሆኜ እወጣለሁ፤ ቀደድሁት። ስለዚህ እንዲሁ፣ እንደሆነው ጻፍሁት። ድስቱ አዲስ ነበር። አውቅ ነበር።