ስመን የጨረስነው ጣት

በፈረንጆቹ 2023፣ ሰመር ላይ ነው የሆነው። ሰሞኑን ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖርበት ሕንፃ ሲለሰን እርጥቡ ኖራ ሸተተኝና፣ ያ ሁሉ ትዝ ብሎኝ ቦርሳዬን እንደያዝኩ መተላለፊያው ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ልጄ ሰላም ቤቷ ከእኔ ብዙም ሳይርቅ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ሙያዋ ያረጀ የግድግዳ ሥዕል መጠገን ነው። ያን ጊዜ ጣሊያን አገር፣ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት አንድ ባለጠጋ ባሠራው ቪላ ውስጥ በሙከራ ትሠራ ነበር። ለዓመት ትቆይ ወይም ትሰናበት እንደሆነ አለቃዋ የምትወስነው በዚያው ሳምንት ነው። እኔንም፣ እግዚአብሔር ይስጣትና፣ ትኬት ቆርጣ አስመጣችኝ።

«እማዬ፣ ምንም እንዳትነኪ፣ ፕሊስ» አለችኝ አውቶቡስ ላይ። «የእጅ ላብ እንኳ ቀለሙን ይጎዳዋል።»

«ደግሞ እኔ ምን ነክቼ አውቃለሁ?»

«ግሮሰሪ ስንሄድ ያልጨበጥሽው ቲማቲም አለ?»

እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

ትልቁ አዳራሽ ዙሪያውን ሥዕል ነው፤ ወይን የሚጠጡ፣ አደን የወጡ፣ ልብስ ያልተረፋቸውም ብዙ ሰዎች። አብዛኛውን ወለሉን እያየሁ አለፍኩት። ከአዳራሹ ጀርባ ትንሽ የጸሎት ክፍል አለች። ሰላም በሩ ላይ አቁማኝ አለቃዋን ልትጠራ ሄደች። ከውስጥ የእርጥብ ኖራ ሽታ መጣ።

ያ ሽታ ጎንደር አጠገብ፣ ልጅ ሆኜ የተሳለምኩበት ቤተ ክርስቲያን ሽታ ነው። ክረምት ሲወጣ፣ ዝናብ የጠጣው ጭቃና ኖራ እንዲያ ይሸት ነበር፤ እናቴም ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ታቀርበኝና፣ እግሩ ከእሷ አፍ ትክክል ስለነበር፣ በብብቴ ይዛ ከፍ አድርጋ ታስመኝ ነበር። ሰይፉ፣ ክንፉ፣ ትልልቅ ዓይኖቹ ሁሉ ሙሉ ሆነው እግሩ ላይ ግን አንድም ጣት አልነበረውም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ስመን ጨረስነው» አለችኝ፤ እኔም የመልአኩን ጣት የበላሁት እኔ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ለመቁረብ ፈርቻለሁ።

ቀና ስል እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ታየኛለች። የቀሚሷ ጠርዝ፣ ከአፌ ትክክል፣ ተፍቆ ነጭ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አስቤ አላደረግሁትም። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፣ አማተብኩ፣ ሳምኳት።

«እማዬ!»

ዞር ስል ሰላም በሩ ላይ ናት፤ አጠገቧ ሽበታሟ አለቃዋ። ከንፈሬ ላይ ዱቄት ነገር ተሰማኝ፤ መጥረግም መላስም ፈራሁ። ሴትዮዋ መብራት አምጥታ ግድግዳውን ተጠግታ ታይ ጀመር። ሰላም ፊቷ አመድ መስሏል። እኔ ባዶ እግሬን ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ቆሜ «አምላኬ፣ በእኔ ጥፋት ልጄ እንጀራዋን አትጣ» እላለሁ። ሴትዮዋ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ አጭር ነገር ተናግራ ወደ ጫማዬ በእጇ አመለከተችኝ።

«ምን አለች?»

«ማታ ትደውልልኛለች። አንቺ ውጪ።»

ስንመለስ አውቶቡሱ ላይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መንገዱ ሲጋመስ በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ ስትናደድ አማርኛዋ ይጠፋባታል። «ማም፣ ዋይ?»

ስለ መልአኩ ነገርኳት። ሰምታኝ «አሁንም ጣት የለውም?» አለች።

ስልኬን አውጥቼ ከአገር ቤት የላኩልኝን ፎቶ አሳየኋት። ቤተ ክርስቲያኑ ታድሷል። ግድግዳው በሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም እንደገና ተስሏል፤ ቅዱስ ሚካኤልም አሥሩም ጣቶቹ ተሟልተው፣ ጥፍር ሳይቀር ተሠርቶላቸው ቆሟል።

ሰላም ፎቶውን በጣቷ አጎላችው። አፏን በእጇ ያዘች።

«ማን ነው እንዲህ በላዩ የቀባበት?»

«እኛ ነን። ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነን ያዋጣነው። ፎቶው ሲደርሰኝ እልል ብያለሁ።»

ስልኩን መለሰችልኝ። እኔም የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እናቴ ፎቶ ተነስታ አታውቅም። ከእሷ የቀረኝ ምልክት ያ የተፋቀ ቦታ ነበር፤ እሱንም በደስታ አስቀባሁት።

አመሻሽ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሰላም ቆማ አዳመጠች፤ ተቀመጠች፤ አለቀሰች።

«ቀለሙ አልተጎዳም። ቆዪ ብላኛለች። አንቺ ግን ዳግመኛ በሩን አታልፊም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ምሳዋን ቋጥሬ እስከ ውጭው የብረት በር ሸኘኋት። እሷ ገባች። መቅደስ መግባት ያልቻለ ሰው ከደጅ እንደሚሳለም፣ እኔም በሩን ሳልነካ፣ እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ይዤ ሰገድኩ። ቀና ስል ሰላም ግቢው መሃል ቆማ ታየኛለች። ተመልሳ መጣችና በብረቶቹ መካከል ግንባሯን አስጠጋችልኝ።

ሳምኳት።