አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቁሽ

የያዙኝ ሰሃን እያጠብሁ ነው። ገንዳ ውሃ ከተማ፣ መነኸሪያው አጠገብ ባለ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበርሁ። ሁለት ፖሊሶች በጓሮ በር ገቡና «ነይ፣ ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ» አሉኝ። የሳሙናው አረፋ ከእጄ ላይ ሳይደርቅ መኪና ላይ ወጣሁ።

ጥፋቴን የነገሩኝ ጣቢያ ከደረስሁ በኋላ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ምሳ የበሉ አራት ሰዎች ታጣቂዎች ነበሩ አሉ። እኔ አላወቅሁም፤ መሣሪያ አላየሁባቸውም። መርማሪው ግን ምስክር አለኝ አለ።

«እንዲበሉ ስትለምኛቸው ነበር። ‹በሞቴ ጨምሩ› ስትይ ተሰምተሻል። ለማያውቁት ሰው በሞቴ ይባላል?»

ይባላል። በእኛ አገር ለማንም ይባላል። ግን ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልሁ። እሱም ዝምታዬን እንደ እምነት ቃል ቆጥሮ ጻፈው።

ያስገቡኝ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች ሲሚንቶ። ረፋድ ላይ ቆርቆሮው በሙቀት መንጣጣት ሲጀምር ሁሉም ሰው ወደ ግድግዳው ይጠጋል። በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ያለፈው ዓመት ሰሊጥ ቀርቶ ነበር፤ በጥፍሬ እየፈለቀቅሁ እቆረጥመዋለሁ። በጆንያ የተከለለው ጥግ የሴቶች ነው። ሦስት ነበርን። አንዷ ከአርማጭሆ የመጡ እናት ናቸው፤ ልጃቸው ጫካ ገባ ተብሎ በእሱ ፋንታ የተያዙ። እማማ እንላቸው ነበር። ሌላዋ ከእኔ በጥቂት ዓመት የምትበልጥ የመተማ ሰሊጥ ገበሬ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ነበር። ጀርመን ሄዳ ስለ ሰብል በሽታ እንድትማር ተቀብለዋት፣ ለጉዞው ወደ ጎንደር ስትወጣ ኬላ ላይ ያዟት። ቦርሳዋ ውስጥ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት፣ ስልኳ ላይ የውጭ አገር ቁጥር ተገኘ። ፓስፖርቷ እዚሁ፣ የጥበቃው አዛዥ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ነው። አውሮፕላኗ የሚነሣው በሚመጣው ማክሰኞ ሲሆን፣ ካልደረሰች ቦታዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኋት።

«እለማመዳለሁ» አለች።

እኔ የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ውጭ አገር ለመማር እንግሊዝኛ ማወቅና ወፍራም ካፖርት መግዛት የሚበቃ ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን ቋንቋውንም ብርዱንም አልፈራችም። ያስጨነቃት ቀድማት የሄደች ጓደኛዋ በስልክ የነገረቻት ነገር ነው።

«እዚያ አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቁሽ» አለችኝ። «‹ትበያለሽ?› ይሉሻል። ‹አይ፣ ጠግቤያለሁ› ካልሽ አለቀ፤ ሰሃኑን ያነሡታል። ጓደኛዬ መጀመሪያ ሰው ቤት የተጋበዘች ቀን እየራባት ነው የወጣችው። አስተማሪውም እንደዚያው ነው። ‹ያልገባችሁ አለ?› ይላል። ዝም ካልሽ ገብቷታል ብሎ ያልፋል።»

እማማ ከተጋደሙበት ቀና አሉ። «ሰው ሳይለመን ይበላል? ከብት ነው እንዴ?»

«እማማ፣ እነሱ መለመንን እንደ ማስገደድ ነው የሚያዩት።»

«ታዲያ ረኃብ ልትማሪ ነው የምትሄጂው?»

ልምምዱ የሚጀመረው ከቤት ምሳ ሲመጣልን ነው። ጀርመኗ እኔ ነኝ። ፌስታሉን ፈትቼ፣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ አንዴ ብቻ «ትበያለሽ?» እላታለሁ። እሷ ወዲያው «አዎ፣ እርቦኛል» ማለት አለባት። በመጀመሪያው ቀን «አይ፣ እናንተ ብሉ» አለች። እኔም ረስቼው «ኧረ በሞቴ!» ብዬ አጎረስኋት።

«ጀርመኗ ለመነች!» አሉ እማማ። «ሁለታችሁም ወድቃችኋል።»

በዚያ ሳቅ መካከል ዓይን አፋርነቴ ቀለል አለኝና የመጣልኝን ሁሉ እጠይቃት ጀመር። እንግዳ ሳይነግር ይመጣል? ልብስ የት ያሰጣሉ? ሰው ከሰው ጋር መንገድ ላይ ሲተላለፍ ዝም ይባባላል? ለብዙው «ስደርስ አይቼ እነግርሻለሁ» ትለኛለች፤ የምትደርስ ይመስል። በሦስተኛው ቀን «አዎ፣ እርቦኛል» የሚለው ወጣላት። ስትናገረው ግን መሬት መሬት ታያለች።

«አፏ ሄዷል» አሉ እማማ፤ «ዓይኗ ገና ኬላው ላይ ነው።»

ሐሙስ ከሰዓት አንድ ኃላፊ ሊጎበኝ መጣ። ከበላይ ነው የመጣው አሉ። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ጆንያውን ገልጦ ቆመና «እንዴት ናችሁ? ችግር አለ?» አለን።

እማማ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ኃላፊው ወደ እሷ ዞረ። ከንፈሯ ሲከፈት አየሁ።

«ደህና ነን፣ እግዜር ይስጥልን» አለች።

ከዚያ ጠበቀች። እኔም ጠበቅሁ። የአገራችን ሰው ነውና «ግድ የለም፣ ንገሪኝ» ይላታል ብለን ነበር። ሰውየው ግን ሰዓቱን አየና ጆንያውን ለቀቀው። የጫማው ድምፅ ሁለት እርምጃ ራቀ።

«ውሸቷን ነው» አልሁ።

ድምፄ ቀጥኖ ነው የወጣው። ጆንያው ተመልሶ ተገለጠ።

«ምን አልሽ?»

«ውሸቷን ነው ጌታዬ። ችግር አለባት። ፓስፖርቷ እዚሁ ቢሮ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። አውሮፕላኗ ማክሰኞ ይነሣል። ወረቀቱ የትምህርት ነው፤ ማንበብ የሚችል ሰው ይፈለግለት።»

ኃላፊው ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«አንቺስ በምን ገባሽ?»

«ሰው አብልተሻል ተብዬ።»

«እነማን እንደሆኑ ታውቂ ነበር?»

«አልጠየቅኋቸውም። ምግብ ቤት የገባን ሰው ማን ነህ አይሉትም፤ ምን ላምጣልህ ነው የሚሉት።»

ፈገግ ያለ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም። ምንም ሳይጽፍ ወጣ። ዘበኛው ወደ ኋላ ቀርቶ አፈጠጠብኝ። ያን ቀን ግን አንገቴን አልደፋሁለትም።

ዓርብ ጠዋት ዕቃዋን ይዛ እንድትወጣ ተጠራች። በእኔ ቃል ይሁን በሌላ፣ እስካሁን አላውቅም። ልታቅፈኝ ስትል ፖሊሱ «ቶሎ በይ» አላት። እማማን በሳምንቱ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው፤ የት እንደሆነ የነገረኝ የለም። እኔ ሌላ አሥራ ስድስት ቀን ቆይቼ ያለ ምንም ፍርድ «ሂጂ» ተባልሁ።

አሁን ያን ቀን ሳስበው፣ ለራሴ ቢሆን ኖሮ አፌን የምከፍት አይመስለኝም። ዝምታዬ ለእኔ ብቻ እስከሆነ ድረስ እንደ ጨዋነት እቆጥረው ነበር። የእሷን አውሮፕላን ሊያስቀር ሲል ነው ክብደቱን ያየሁት።

እሷ ከጀርመን የድምፅ መልእክት ትልክልኛለች። ክፍል ውስጥ መጀመሪያ እጇን ያወጣች ቀን ልቧ ሊወጣ ደርሶ ነበር አለችኝ። አስተማሪው መልሶላት ትምህርቱን ቀጠለ፤ ዞሮ ያያት ሰው እንኳ አልነበረም። እኔም መጠየቄን አልተውሁም። በቀደም «ብቻውን የሚኖር ሰው ታሞ ቢተኛ ማን ያውቅለታል?» ብዬ ላክሁላት። እሷም አታውቅም። ከበሯ ፊት ለፊት ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ቅዳሜ አንኳኩታ ልትጠይቃቸው ነው። ይከፍቱላት ይሆን? ቅዳሜን እየጠበቅሁ ነው።