የዘለልኩት መስመር

በደርግ ዘመን፣ ሲግናል አካባቢ፣ በቀበሌያችን ግቢ ውስጥ ባለች ባለ አንድ ክፍል ቤተ መጻሕፍት እሠራ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ስቀመጥ የወጣት ማኅበሩ ነው እዚያ የመደበኝ። ሥራዬ መጽሐፍ ማዋስ፣ አቧራ መጥረግና ሰኞ ሰኞ በሩ አጠገብ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ «የሳምንቱ ምርጥ መጽሐፍ» ብዬ መጻፍ ነበር። የእጅ ጽሕፈቴ ስለሚያምር ሰፈሩ ሁሉ ያደንቀኝ ነበር። መጽሐፎቹን ግን አላነባቸውም። ከጀርባ ሽፋናቸው ሁለት መስመር እገለብጥና «አንብቤ ስጨርስ እንቅልፍ አጣሁ» የምትል ከራሴ እጨምርበታለሁ። ዓይን አውጣ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ሰው የሚወዳቸው ልብ ወለዶች ሽፋናቸው እስኪገነጠል ተነብበዋል። እኔ ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ደስ እንዲለው ብዬ፣ ከወዳጅ አገር በእርዳታ የመጡትን ማንም የማይነካቸውን ቀይ ሽፋን የፖለቲካ መጻሕፍት ነበር ሰሌዳው ላይ የማወድሰው።

አንድ ሰኞ፣ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በኩል ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት ሸክማቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ገቡ። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀታቸውን በቅርቡ ተቀብለዋል። አንድ ልጃቸው ሰሜን ግንባር ነው።

«ደብዳቤውን ጎረቤት ነው የሚያነብልኝ» አሉኝ። «ልጄ ለእኔ የጻፈውን ሰፈሩ ከእኔ በፊት ይሰማዋል። አሁን ራሴ ላነብ ነው። እስቲ አፌን የማፍታታበት ትንሽ መጽሐፍ ስጪኝ።»

ትንሽ ነው ያሉት። መደርደሪያው ግርጌ፣ ፊደላቸው ደማቅ የተረት መጻሕፍት ነበሩን። ጎንበስ ማለት ሰለቸኝ። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የሳምንቱን ምርጥ፣ ስለ አምራች ኃይሎች የሚያትተውን ወፍራም መጽሐፍ አነሣሁና «ይሄን ያንብቡ። እኔ በአንድ ቀን ነው የጨረስኩት» አልኳቸው። እንደ ስለት ዕቃ በነጠላቸው ጠቅልለው ወሰዱት።

በሦስተኛው ሳምንት መለሱት።

«ይቅር በይኝ ልጄ፣ የመንግሥት ንብረት ነክቻለሁ። ገጾቹ ጠርዛቸው ተያይዞ ነበር። እንዳይቀደዱብኝ በስፌት ወስፌዬ ቀስ እያልኩ ለያየኋቸው። አንቺስ በምን ከፈትሽው?»

ገለጥ አደረግሁት። ማተሚያ ቤቱ ጠርዙን ሳይቆርጠው ነው የላከው። እሳቸው ከለያዩዋቸው የመጀመሪያ ጥቂት ገጾች በቀር ሁሉም እንደተያያዘ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«የእኔ ሌላ ቅጂ ነበር» አልኩ። የነበረን ቅጂ አንድ ብቻ ነው።

አመኑኝ። ከሁሉ የባሰው እሱ ነው።

«ፊደሉን አውቀዋለሁ፤ የሚለው ግን አይገባኝም» አሉ። «አንቺ በአንድ ቀን የጨረስሽውን እኔ በሦስት ሳምንት ካልገፋሁት፣ አልተማርኩም ማለት ነው። ያስተማሩኝ ልጆችም ለፍተው ቀሩ።»

«እኔም አላነበብኩትም» ማለት ይበቃ ነበር። ሦስት ቃል እንኳ አይሞላም። ጎንበስ ብዬ አንዱን የተረት መጽሐፍ ማንሣትም ይበቃ ነበር። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እኔ ግን እያወቅሁ ነው የለቀለቅሁት። መዝገቡ ላይ «ተመልሷል» ብዬ ጻፍኩና ሸኘኋቸው።

ክረምቱ ሲወጣ እንደገና መጡ። በእጃቸው ፖስታ ይዘዋል።

«እስቲ አንብቢልኝ። ከጎረቤት አንቺ ትሻያለሽ፤ የተማርሽ ነሽ።»

ልጅየው ፊደሉን አጉልቶ፣ ቃላቱን አራርቆ ነው የጻፈው። እንዲህ ይላል፦ «እማዬ፣ ማንበብ መቻልሽን ለጓደኞቼ ሁሉ ነገርኳቸው። ይህን ደብዳቤ ለማንም እንዳትሰጪ። ራስሽ አንብቢው።»

እሳቸው አፍ አፌን ያያሉ። ዘለልኩትና ከታች ጀመርኩ፦ «ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ…»

«ቆይ» አሉኝ። ጭራሮ የሰነጣጠቀው ጣታቸው ወረቀቱ አናት ላይ ዐረፈ። «ከላይ ያለውን ተውሽው። ይቺ ራ ናት። ራ… ስ… ሽ። ራስሽ። ራስሽ ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«ራስሽ ምን?»

ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና ወጥተው ሸክማቸው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከ«እማዬ» ጀመሩ፤ ጮክ ብለው፣ ፊደል በፊደል። በሩ ላይ ቆሜ እሰማቸው ነበር። «ለማንም እንዳትሰጪ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። ወረቀቱን ወደ ደረታቸው አስጠጉና፣ እንዳላይባቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በለሆሳስ ማንበባቸውን ቀጠሉ።