ያልጻፍኩት ስም

የሶሲዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ደብረ ታቦር እማርበት የነበረው ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች የሚሰጠውን የመስክ ጥናት ድጋፍ አገኘሁ። ከክፍላችን የደረሰው ለእኔ ብቻ ነበር። የመኪናና የበቅሎ ኪራዬ፣ የአንድ ወር ቀለቤ ተቻለልኝ፤ ትንሽ የድምፅ መቅጃም ተሰጠኝ። ርዕሴ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ስለሚወርዱ የጉና ወጣቶችና ከኋላ ስለሚቀሩት ቤተሰቦቻቸው ነበር። እስከዚያ ድረስ ሌላ ሰው የጻፈውን ከመድገም በቀር አንድም ነገር በራሴ ጆሮ ሰምቼ አልጻፍኩም። እንቅልፍ እስካጣ ድረስ ደስ አለኝ።

ጉና ላይ ቤት ለቤት እየዞርኩ ስጠይቅ ቆይቼ፣ በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት ዘንድ ደረስኩ። ባላቸው ሞተውባቸው በአንድ ልጅ የቀሩ ሴት ናቸው። ያም ልጅ ለአጨዳ እንደወረደ ድምፁ ከጠፋ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። አብረውት ከሄዱት አንዱ ወባ ይዞት ነበር ይላል፤ ሌላው ድንበር ተሻግሯል ይላል። ሴትዮዋ ትኩስ ድንች አቅርበውልኝ ሲያወሩኝ ዋሉ። ልጁ ሲስቅ ትከሻው እንደሚንቀጠቀጥ፣ በግ ሲታመምበት እህል እንደማይቀምስ፣ እኔ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ሲጨርሱ ስሙን ጻፊው አሉኝ።

የጥናት ሥነ ምግባር የሚባለውን በቃሌ ይዤዋለሁ። የማንም ስም እንደማይጻፍ፣ በስም ፋንታ ቁጥር እንደምንሰጥ፣ ይህም ለእሳቸው ለራሳቸው ሲባል እንደሆነ አስረዳኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ስሙን ካልጻፍሽው ታዲያ፣ ልጄ፣ ማን ብለው ይፈልጉታል?» አሉኝ።

የመጣሁት የጠፋ ሰው ለመፈለግ እንዳልሆነ ያን ጊዜውኑ ልነግራቸው ይገባ ነበር። ፊታቸውን አይቼ ፈራሁ። ለአለቆቼ እነግራለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ጽሑፌ ተወደደ። ባቀረብኩበት ቀን የእኚያን እናት ቃል «ተሳታፊ አሥራ አንድ» ብዬ ሳነብ አንዲት መምህርት አለቀሱ። ተጨበጨበልኝ። አዲስ አበባ ሄጄ እንዳቀርበውም ሌላ የጉዞ ድጋፍ ተጨመረልኝ። ለአለቆቼ እነግራለሁ ያልኩትን ግን ለአንድ ሰው እንኳ አልነገርኩም።

ተመርቄ ባሕር ዳር ሥራ ከያዝኩ በኋላ አንድ የትምህርት ማስረጃ ላወጣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለስኩ። በር ላይ አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ጥበቃ አስቆሙኝና ጉና ወጥተሽ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም ወይ ብለው ጠየቁኝ። በዐቢይ ጾም አንዲት አሮጊት ከጉና በእግራቸው መጥተው፣ ስለ ልጄ የጻፈችውን ተማሪ ጥሩልኝ ብለዋቸው ነበር። ማን ትባላለች ቢሏቸው ስሜን አላወቁትም። እስኪመሽ በሩ ሥር ተቀምጠው የሚወጣውን የሚገባውን ሲያዩ ውለው ሄዱ። በሳምንቱ ደግመው መጡ። ከዚያ ወዲህ አልታዩም።

በማግሥቱ ጉና ወጣሁ። ወዲያው ለዩኝ፤ ጉንጬን ስመው አስገቡኝ። ገና ሳልቀመጥ፣ ለማንም እንዳልነገርኩ፣ ቀድሞም የሚፈልገው ሰው እንዳልነበረ፣ ዋሽቻቸው እንደሄድኩ ተናዘዝኩ። ደብተሬን አወጣሁና ስሙን እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። የትም ቢሆን፣ ፖሊስ ጣቢያም ቢሆን፣ መተማም ቢሆን ሄጄ እጠይቃለሁ አልኩ።

«ተይው፣ ልጄ። ዘንድሮ ተዝካሩን አወጣሁለት» አሉኝ። «ስሙንም ቄሶቹ ጠርተውታል።»

ሬሳው ሳይገኝ፣ መሞቱ ሳይረጋገጥ፣ መጠበቁ ስለከበዳቸው ራሳቸው ቀበሩት። ያን ሁለት ቀን በሩ ሥር ሲቀመጡ ግን ገና በሕይወት አለ ብለው ነበር። እኔ ዘንድ ተስፋ አለ ብለው ነበር።

እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። በሁለት እጃቸው ደግፈው አነሡኝ።

«እግዜር ይቅር ይበልሽ» አሉኝ።

እሳቸው ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አልነገሩኝም። እኔም ደግሜ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።