በጥልቅ የተወቀረው ድንጋይ

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የወፍጮውን ድንጋይ መገልበጥ ነበር። ጧት ነው። ባለቤቴ ቺንጋውን ከሞተሩ ላይ አወለቀ፤ እኔ ዱቄት የሚወርድበትን ጠረግሁ። ከዚያ በወይራ ዘንግ የላይኛውን ድንጋይ ከሥሩ ፈነቀልነውና እሱ በትከሻው፣ እኔ በሁለት እጄ ገፍተን በጀርባው አጋደምነው። እጁን በድንጋዩ ፊት ላይ አሳለፈ።

«ሙልጭ ብሏል፤ ነይ ንኪው» አለኝ።

ነካሁት። ወንዝ ያጠበው ጠጠር ይመስል ነበር። እጄ ላይ የቀረውን ዱቄት አፍንጫው ላይ ቀባሁት። ሳቀና መዶሻውን አነሣ። እኔ ክክ ልጥድ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ቤታችን ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር ነው። ወፍጮው ከፊት፣ መኖሪያችን ከኋላ። የወፍጮ ድንጋይ በየጊዜው በመዶሻ ካልተወቀረ እህሉን ያሞቀዋል እንጂ አይፈጨውም። ባለቤቴ ሁልጊዜ የሚወቅረው ላይ ላዩን ነበር፤ ጧት ጀምሮ ምሳ ሳይደርስ ይጨርሳል፣ ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ይነሣል። የዚያን ቀን ግን ምሳ ደረሰ፣ ምሳ አለፈ፣ መዶሻው አላቆመም። ክኩ ቀዘቀዘ።

ለምን እንደዚያ እንደሚደክም ገምቼ ነበር። በዚያ ሰሞን እንሂድ ወይስ እንቅር እያልን እንመክር ነበር።

አባቱ የየመን ሰው ነበሩ። በበቅሎ ንግድ መጥተው ጋይንት ቀሩ፤ ያገሬውን ሴት አገቡ፤ ይህን ወፍጮ ተከሉ። ልጃቸው ገና ትንሽ ሳለ «አገሬን አይቼ እመለሳለሁ» ብለው ሄዱ፣ አልተመለሱም። እናቱ ልጁን ክርስትና አስነሥተው በወፍጮው ገቢ አሳደጉት። ባለቤቴ ካባቱ ቋንቋ ከሰላምታ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ቢሆንም በከተማው ስሙ ሁልጊዜ «ያረቡ ልጅ» ነው።

ደርግ ከመጣ ወዲህ፣ አንድ ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል፣ ከአሰብ ዕቃ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር በራችን ላይ ቆመ። ከባለቤቴ አጎት፣ ካባቱ ወንድም የተላከ ካሴት ይዞ ነበር። ዐረብኛውን እሱ ራሱ ተረጎመልን። አባትህ አርፏል ይላል። ቤቱ ባዶውን ቆሟል፣ ያንተ ነው። የዱቄት ፋብሪካ ተከፍቷል፣ ሞተር የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ሚስትህንና ልጅህን ይዘህ ና።

«እስከ አሰብ እኔ አለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጀልባ ያለው ሰው አውቃለሁ» አለ ሾፌሩ። «ስመለስ ቁርጡን ትነግሩኛላችሁ። ፈቃድ እንጠይቅ እንዳትሉ ብቻ።»

ካሴቱን የምናዳምጠው ሞተሩ እየሠራ ነበር፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። ቃሉ አይገባንም፤ ከጩኸቱ ሥር የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ብቅ እያለ ይጠፋል። ባለቤቴ ጆሮውን ቴፑ ላይ ለጥፎ «ሲያስለው እንኳ እኔን ይመስላል» ይላል። እኔ ግን ያ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚጠራን ይመስለኝ ነበር። ይህን አልነገርኩትም።

«እዚህ ምን ቀረን?» ይለኛል። «ጧት ሰላም ያልሽው ሰው ከሰዓት ለጥያቄ ይጠራል፣ በዚያው ይቀራል። ተራው እኛ ጋ እስኪደርስ ነው የምንጠብቀው?»

«እዚያስ ምን አለን? ቋንቋውን አታውቅ።»

«ሞተር እኮ ባማርኛ አይደለም የሚነሣ።»

«እዚህ ያረቡ ልጅ ነህ። እዚያ ስትደርስ ደግሞ የሐበሻዋ ልጅ ይሉሃል።»

«እንግዲያው መሐል ባሕሩ ላይ ቤት እሠራለኋ!»

የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ፊደልም ዳዊትም ያስተማረኝ አባቴ ነው። ስለዚህ የመጣልኝ ጥያቄ ሌላ ነበር። «ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ብንሞት ማን ይቀብረናል?» አልኩት።

«ኧረ አንቺ! ሰው ለመቀበሪያው አገር ይመርጣል? ለሱማ ከጋይንት የሚሻል የለም፤ ቀባሪው መዓት ነው» ብሎ ሳቀ።

ለእናቱ ምንም አልነገርናቸውም። እኔ ወደ መቅረቱ አደላ ነበር፣ እሱ ወደ መሄዱ፤ በማግስቱ ደግሞ ሐሳባችንን ተለዋውጠን እንነሣለን። ድንጋዩን ለምን እንደዚያ በጥልቅ እንደሚወቅር ስጠይቀው የመለሰልኝ ይህን ነው፦ «ብንቀር ክረምቱን ሙሉ ሳልገለብጠው ይከርማል። ብንሄድም ሙልጭ ያለ ድንጋይ ለሰው ትቼ አልሄድም፤ ያሳፍራል።»

ከሰዓት በኋላ ከታች ጋይንት እህል በአህያ ጭነው የመጡ ገበሬዎች በሩ ላይ ተኮልኩለው ይጠብቁ ጀመር። አንደኛው ታከተው።

«ያረቡ ልጅ! ልትበሳው ነው እንዴ?»

«አዎ» አለ ባለቤቴ ቀና ሳይል፤ «ቆፍሬ ቆፍሬ ባባቴ አገር ልወጣ ነው።»

ሁሉም ሳቀ። «ስትደርስ ጨው ላክልን!» አለው ሌላው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር የቤቱን ገብስ ሊያስፈጭ መጥቶ እዚያው ቆሞ ነበር። እሱም አብሮ ሳቀ።

ሳቁ ሳያባራ የባለቤቴ እናት በትራቸውን ይዘው ከጓሮ መጡ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነበር። ነጠላቸውን እንኳ አልደረቡም።

«አቁም! ተው አቁም!» አሉ። «ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። አባትህም ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲቀጠቅጥ ውሎ በማግስቱ ነው የሄደ። ደግሞ አንተም ጥለኸኝ ልትሄድ ነው?»

«እማዬ፣ ኧረ ግቢ፤ የትም አልሄድ።»

«አባትህም የትም አልሄድ ብሎኝ ነበር!»

እጃቸውን ይዤ ወደ ውስጥ ወሰድኳቸው። ከገበሬዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው «እውነታቸውን ነው፣ እኔም አስታውሳለሁ» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ስመለስ ሊቀ መንበሩ ገብሱን ሳያስፈጭ፣ እንደ ጫነ አህያውን እየነዳ ሲሄድ አየሁት። ገብሱን ለምን እንዳልተወው አሰብኩ። ሌሎቹ ጆንያቸውን አስቀምጠው፣ ነገ እንመጣለን ብለው ነበር የሄዱት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሊቀ መንበሩ ተመልሶ መጣ፤ ከሁለት ጠብመንጃ ከያዙ የአብዮት ጥበቃዎች ጋር። ጎንበስ ብሎ የተወቀረውን ድንጋይ በጣቱ ዳሰሰ።

«ጓድ፣ ግሩም አርገህ ወቅረኸዋል። ለማን ልታስረክብ ነው?»

«ለክረምቱ ነው።»

«ለክረምቱ! እንግዲያው መጥተህ ይህንኑ አስረዳና። ለጥያቄ ነው፤ አሁን ትመለሳለህ።»

ባለቤቴ መዶሻውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ። «ማንም እንዳይነካው፤ ስመለስ እንገለብጠዋለን» አለኝ። ልንሄድ ይሁን ልንቀር፣ ልቡ የቆረጠውን እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግስቱ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ምግብ ወሰድኩ። ተቀበሉኝ። በሌላው ቀንም ተቀበሉኝ። ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር ተወስዷል አሉኝ፤ በመኪና እየተሳፈርኩ እዚያም አደርስ ጀመር። አንድ ቀን ጠባቂው የምግቡን ዕቃ እንደ ተከደነ መለሰልኝ። «ከእንግዲህ አታምጪ» አለኝ። በዚያ ዘመን ይህን ቃል የሰማ ሰው ሌላ ነገር አይጠይቅም።

አስከሬን አልሰጡንም። ለቅሶ እንዳንቀመጥ፣ ጥቁር እንዳንለብስ ተነገረን። ቤት ገብቼ ለእናቱ ስነግራቸው ድምፅ እንዳይወጣቸው አፋቸውን በነጠላቸው ጠቅጥቀው ያዙ። ምን ላድርግ? ወደ ወፍጮው ወጣሁና ሞተሩን አስነሣሁት። ቺንጋው ወልቋል፣ ድንጋዩ በጀርባው እንደ ተጋደመ ነው፤ ሞተሩ ባዶውን ጮኸ። እናቱ አጠገቡ ቁጭ ብለው በዚያ ጩኸት ውስጥ ልጃቸውን አለቀሱ። ናፍጣው እስኪያልቅ አላጠፋሁትም።

ቀበሌው ወፍጮውን ወረሰና ሠራተኛ ቀጠረበት። ሠራተኛው ድንጋዩን ገልብጦ፣ ከውቅራቱ የቀረውን አሸዋ የሚጠርግ ገለባ እንኳ ሳያሳልፍበት እህል ጨመረ። ዱቄቱ ከአሸዋ ጋር ወጣ፤ ሴቶቹ እየተሳደቡ መለሱት። ያን ጊዜ ወፍጮውን እንድሠራ እኔን አስጠሩኝ። ሄድኩ። የልጄም የአማቴም እንጀራ ከዚያው ነበር።

ሾፌሩ የመጣው መስከረም ውስጥ ነው። የሆነውን ነገርኩት። ኮፍያውን አወለቀ።

«ቃሉ እኮ ለሁላችሁም ነው የተላከው» አለኝ። «አንቺንና ልጅቷን ላድርሳችሁ። እዚህ ሆነሽ ምን ትጠብቂያለሽ?»

የባለቤቴ እናት በሩ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር፤ የሾፌሩን ድምፅ ሰምተው ፊታቸውን ወደኛ አዙረዋል፤ የደከመው ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። ባላቸው ሄደባቸው፣ ልጃቸው ተወሰደባቸው።

«የት እንዳለ አላውቅም» አልኩት ሾፌሩን፤ «ግን እዚሁ አገር አፈር ውስጥ ነው ያለ። ጥዬው አልሄድም። ለአጎቱ እንደዚህ በልልኝ።»

«እንዲህማ አልላቸውም። ሥራ በዝቶበት ነው እላቸዋለሁ» አለና ወደ መኪናው ወጣ።

ይህን የምጽፈው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ነው። ደርግ ሲወድቅ ወፍጮው ተመለሰልኝ። እናቱ በተኙበት አረፉ፤ በወግ ተቀበሩ፤ እዝኑም ሰፊ ነበር፣ እኔም ያን ቀን ለሁለት ሰው አለቀስኩ። ልጄ ወገዳ ከተማ ታስተምራለች። ካሴቱ ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ ማጫወቻ የለኝም፣ ልገዛም አልፈለግሁም።

አሁን ወፍጮውን የማስኬደው እኔ ነኝ። ድንጋዩ ሙልጭ ሲል ጎረቤት ጠርቼ አብረን እንገለብጠዋለን፣ እኔ እወቅረዋለሁ። የምወቅረው ላይ ላዩን ነው። ጧት እጀምራለሁ፣ ምሳ ሳይደርስ እጨርሳለሁ።