መቀመጫ የሌለው ስፌት

ያን ስፌት የሰፋሁት በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ እዚሁ ሆሳዕና። እናትሽ ገና አልተወለደችም። ቤታችን ከገበያው ከፍ ብሎ ነበር፣ ግቢው ውስጥ ያለችውን አንዷን ክፍል ለአስተማሪ አከራይተናት ነበር። የዱራሜ ልጅ ነው። የኔ አፍ ሀዲይኛ፣ የሱ ከምባትኛ፣ ስለዚህ በአማርኛ ነው የምንግባባው፤ የኔም አማርኛ ያው የገበያ አማርኛ ነበር። ወጣት ነው፣ ግን አስተማሪ ስለሆነ አንቱ እለው ነበር። እሱም እትዬ ይለኛል።

ታናሽ እህቴ እኔ ዘንድ ነበረች። አባታችን ከገጠር የላካት ሥራ እንድታግዘኝ ነው፤ የሷ ልብ ግን ትምህርት ቤት ነበር። ላስመዘግባት ይዣት ብሄድ ዳይሬክተሩ ከላይ እስከ ታች አያትና፣ ይቺ አድጋለች፣ ከሕፃናት ጋር እንዴት ትቀመጣለች ብሎ መለሰን። አባቴ ይህን ሲሰማ እንግዲያው ይቅር አለ። ከዶዮገና ለጋብቻ ሽማግሌ ተልኮበት ነበር። ትምህርት ቤቱ ካልወሰዳት ለሽማግሌዎቹ እሺ እላቸዋለሁ አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሴት ልጅ እዚህም እዚያም ሳትሆን መቅረት የለባትም ብሎ ነው።

እህቴ አላለቀሰችም። ግቢውን ትጠርጋለች፣ ያው አንዱን ቦታ ደጋግማ።

አንድ ቀን አስተማሪው ስሰፋ አየና አጠገቤ ቁጭ አለ። በትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ስለ ሰማይ የሚያስረዳ ነገር ሊያቀርብ እንዳሰበ፣ ጁፒተር የሚባል ፕላኔት እንድሰፋለት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም አልኩት። እንደ ምድር ፀሐይን የሚዞር ነው፣ ከሁሉም ትልቁ ነው አለ። ሎሚ አነሳና፣ ምድር ይቺን ብታክል እሱ ከዳር እስከ ዳር አሥራ አንድ ሎሚ ነው አለኝ። ተነሥቼ አሥራ አንድ ሎሚ መሬት ላይ ደረደርኩ፣ በቃጫ ለካሁና ቆረጥኩ። ሆዱማ ከሺህ ሎሚ በላይ ይይዛል አለ። የሱን ግን ልለካ አልሄድኩም።

እሺ፣ መቀመጫው በየት በኩል ይሁን አልኩት። መሶብም ሆነ ሙዳይ መቀመጫ አለው፣ ያለዚያ ይንከባለላል።

«መቀመጫ የለውም እትዬ» አለኝ። «መሬትም የለውም። የሚቆሙበት የለም።»

«ዓለም ሆኖ መሬት የሌለው?»

እንደ አየር፣ እንደ እንፋሎት ያለ ነገር ነው አለ። ጋዝ ይሉታል፣ የፋኖሱን አይደለም። ሰው ቢወድቅበት ደመናውን አልፎ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ እየጨለመ፣ እየከበደው፣ እየጋለ ይሄዳል፣ እግሩ ግን አንድ ነገር አይነካም። ይህን ሲል እህቴ መጥረጊያዋን አስቀምጣ መጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ስሰፋ እሷ ትጠይቃለች። ውስጡን በስንደዶ፣ ላዩን ቀለም በነከርኩት አክርማ እያደረግኩ ዞር ዞር እያልኩ እሰፋለሁ፣ አስተማሪው ከክፍል ሲመለስ ደጁ ላይ ይቀመጣል። መስመር መስመር አለው፣ አንዱ ነጣ ያለ፣ አንዱ ቡናማ፤ ነፋስ የሚነዳው ደመና ነው አለ። በጣም ስለሚሽከረከር ቀኑም ሌሊቱም ተደምሮ አሥር ሰዓት አይሞላም፣ ከዚያ የተነሣ ወገቡ ሰፋ፣ ላይና ታቹ ጠፍጠፍ ብሏል። ይሄ ለኔ ተመቸኝ፣ ስፌት በተፈጥሮው እንደዚያ ነው የሚወጣልሽ። በስተታች በኩል ቀይ ቦታ ጨምሪ አለኝ፣ ከአንድ ሎሚ የሚበልጥ። አውሎ ነፋስ ነው፣ ሰዎች ካዩት ብዙ ዘመን ሆኖታል፣ እስካሁን አልቆመም።

«ለምን አይደክመውም?» አለች እህቴ።

የሚመታው ተራራ ከሌለ ምን ያቆመዋል አላት። ደግሞ እስካሁን አሥራ ሁለት ጨረቃ ተቆጥሮለታል ሲላት፣ ታዲያ ወሩን በየትኛዋ ነው የሚቆጥሩት ብላ ጠየቀችው። በጣም ሳቀ። በነጋታው ዳይሬክተሩን አናግሮ መጣና፣ በወላጆች ቀን ስለ ፕላኔቱ የምትናገረው አንቺ ነሽ አላት። ዳይሬክተሩ ቃል አልገባም፤ ልስማትና አያለሁ ብቻ ነው ያለው።

ሁለት ግማሽ አድርጌ ነበር የሰፋሁት፣ ታችና ክዳን። እህቴ ሳይገጠም ነው የተለማመደችበት። በቀኑ ጠዋት እሷና አስተማሪው ቀድመው ሄዱ፣ እኔ ቀርቼ ክዳኑን ልገጥም ነው። እንግዲህ በኛ ወግ አዲስ ዕቃ ባዶውን ከቤት አይወጣም። ነውር ነው። ለልጅ ስትሰጪም፣ ለሙሽራ ስትሰጪም አንድ ነገር ጣል ታደርጊበታለሽ። እኔም ሳላስብ አንድ እፍኝ ስንዴ ጨመርኩና ዙሪያውን ሰፍቼ ዘጋሁት። በነጠላ ጠቅልዬ ተሸክሜው ስሄድ ይንኮሻኮሻል፤ ለኔ ደስ የሚል ድምፅ ነበር።

ሰዉ ትምህርት ቤቱ ግቢ ከባሕር ዛፉ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። አባቴ ከገጠር መጥቶ ከኋላ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። እህቴ ስፌቱን ይዛ ፊት ለፊት ወጣች። ከፕላኔቶች ሁሉ ትልቁ ነው፣ መሬት የለውም፣ አየር የመሰለ ነው፣ የሚቆሙበት ጠጣር ነገር የለም አለች። እንዴት እንደሚሽከረከር ላሳያችሁ ብላ አዞረችው።

ተንኮሻኮሸ።

እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስንዴው ነው። አንድ ባለሱቅ ከፊት፣ አየሩ ጥርስ አውጥቷል ብሎ ሰዉን አሳቀው። ዳይሬክተሩ አልሳቀም።

«ጠጣር ነገር የለውም አላልሽም? ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

እህቴ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬት ማየት ጀመርኩ።

«ስንዴ ነው ጌታዬ» አለች። «እህቴ ባዶ ዕቃ ከቤት አታወጣም።»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፣ ወጉን ያውቁታላ። እሷ ግን አላቆመችም።

«ጥፋቱ የስፌቱ ነው፣ የፕላኔቱ አይደለም። ላዩ ላይ መሬት የለም። ከመሐሉ፣ በጣም ከጥልቁ ጠጣር ነገር ይኑር አይኑር ግን ወርዶ ያየ የለም። መምህሩን ጠይቄያቸው እርግጡን አላውቅም ብለውኛል።»

ዳይሬክተሩ ወደ አስተማሪው ዞረ። አስተማሪው፣ እውነቷን ነው፣ አላውቅም ብያታለሁ አለ። ዳይሬክተሩ ስፌቱን ተቀበላት፣ ጆሮው ዘንድ አድርጎ ነቀነቀው፣ መለሰላት።

«ከትንንሾቹ ጋር ለመቀመጥ አታፍሪም?»

«አላፍርም።»

«ሰኞ ነይ።»

ከአባቴ ጋር ወደ ቤት ሄድን። አማርኛ ብዙም አይሰማም ነበር። ድልድዩ ጋ ስንደርስ በሀዲይኛ፣ ምን ብላ ነው ያሳቀቻቸው አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት፣ መሬት የሌለውንም። ቆመና አሰበ።

«እንሰት የማይተከልበት ነገር ምን ያደርግላታል?» አለ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ደግሞ፣ «ደግማ ልትነግረኝ ትችላለች?» አለኝ።

ነገረችው፣ እስኪበቃው። ከዶዮገና ሽማግሌዎቹ መልስ ሊቀበሉ ሲመጡ ትምህርት ላይ ናት ብሎ አብልቶ አጠጥቶ ሸኛቸው። እሷ ሰኞ ሄደች። ጉልበቷ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሏት ዓመቱን ሙሉ ወደ ጎን ዞራ ተቀመጠች።